ኬሚስትሪን ከርቀት ማስተማር፦ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ የትኛው መንገድ ለየትኛው ትምህርት ይሻላል?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ብዙ ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደየቤተሰባቸው ተሸኙ። እኔ ጎጃም ውስጥ ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ግቢው ጭር ካለ በኋላ ቤተ ሙከራ ስገባ ቡሬቶቹ፣ ማለትም ፈሳሽ ጠብ እያደረግን የምንለካባቸው ረጃጅም የመስታወት ቱቦዎች፣ በመቆሚያቸው ላይ እንደተሰቀሉ ነበሩ። ተማሪዎቹ ለሚቀጥለው ሳምንት ያዘጋጁት የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት የየቡድኑ ስም ተለጥፎበት ተደርድሯል። ያን ሁሉ ጠርሙስ አንድ በአንድ ስደፋና ሳጥብ በአእምሮዬ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ይህን ትምህርት ቤታቸው ድረስ እንዴት ላድርስላቸው?

ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ሞክሬአለሁ። አንዳንዱ ሠርቷል፣ አንዳንዱ ተማሪዎቼን ጎድቷል። ይህን የምጽፈው ኮሌራም ይሁን ሌላ ወረርሽኝ ግቢ ባዘጋ ጊዜ ምን ልምረጥ ብሎ ለሚጨነቅ የኬሚስትሪ መምህርና የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው።

መጀመሪያ ተማሪው የት እንዳለ ማወቅ

አንዱ ተማሪ ባሕር ዳር፣ ዋይፋይ ያለው ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ሌላው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ኔትወርክ አለው፣ የጥቅል መግዣ ግን የለውም። ሦስተኛዋ ከብቸና ወጣ ያለ ቀበሌ ውስጥ ናት፤ ስልኳን ቻርጅ የምታደርገው በገበያ ቀን ከተማ ስትወጣ ነው፣ መልእክት ለመቀበልም ጉብታ ላይ መውጣት አለባት። እነዚህ ሦስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጡ የነበሩ ልጆች ናቸው። መምህሩ የሚመርጠው መንገድ ሦስተኛዋ ዘንድ ካልደረሰ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎታል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህን መረጃ በቴሌግራም መጠይቅ ለመሰብሰብ መሞከሬ ነበር። መጠይቁን የሞሉት ኢንተርኔት ያላቸው ብቻ ሆኑ፤ ውጤቱን አይቼ ሁሉም ሰው ተገናኝቷል ብዬ አመንሁ። ትክክለኛው መንገድ ድምፅ ነው። በክፍል ተጠሪዎች በኩል እያንዳንዱን ተማሪ በስልክ መጥራት፣ ካልተገኘ በአባት ወይም በጎረቤት ስልክ ማፈላለግ ያስፈልጋል። የምንጠይቀውም ስልኩ ምን ዓይነት ነው፣ ኔትወርክ የሚገኘው የት ነው፣ መብራት አለ ወይ፣ በቀን ውስጥ ለማጥናት የሚተርፍ ጊዜ ስንት ነው የሚለውን ነው። የመጨረሻው እንዳይረሳ። ቤት የገባ ተማሪ በእርሻ ወቅት ሞፈር ይጨብጣል፣ ሴት ከሆነች ደግሞ የቤቱ ሥራ ሁሉ ይጠብቃታል።

ንግግሩን ለማድረስ፦ ቀጥታ ቪዲዮ፣ የተቀዳ ቪዲዮ፣ ድምፅ ከወረቀት ጋር ወይስ ኅትመት?

ቀጥታ የቪዲዮ ትምህርት መምህሩን በጣም ያስደስታል፤ ክፍል ውስጥ ያለን ይመስለናልና። ሒሳቡን ግን እንሥራ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በሳምንት ሦስት ሰዓት ከሆነ 1,350 ሜጋባይት፣ ተማሪው አምስት ኮርስ ካለው በሳምንት ወደ 6.75 ጊጋባይት ይደርሳል። ይህን ለአንድ የገበሬ ልጅ ማስከፈል አይቻልም። በነፃ የሚሰጠው የዙም ስብሰባም በ40 ደቂቃ ይቋረጣል። ቀጥታ ቪዲዮን የምመርጠው ለሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነና ከተማ ላሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው። ሁለተኛው ለጥያቄ ሰዓት ነው፤ ትምህርቱ አስቀድሞ በሌላ መንገድ ደርሶ፣ የገባው ይቀርና ያልገባው ብቻ የሚመጣበት።

የተቀዳ ቪዲዮ ይሻላል፤ ተማሪው በሌሊት ጥቅል አውርዶ ደጋግሞ ያየዋል። ነገር ግን የ50 ደቂቃ ንግግር እንዳለ መቅዳት ጉዳት ነው። በሰከንድ 500 ኪሎቢት የተቀዳ የ12 ደቂቃ ቪዲዮ 45 ሜጋባይት ይሆናል፤ በአንድ ቪዲዮ አንድ ሐሳብ ብቻ ማስተማር ይገባል። ፊትን ማሳየት አያስፈልግም። ስልኩን በተደራረቡ መጻሕፍት ጫፍ ላይ አስተኝቶ፣ ወረቀትና እጅ ብቻ እንዲታይ አድርጎ መቅዳት ይበቃል። ለኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ኤሌክትሮን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ጠማማ ቀስት ሲሣል መታየት አለበት። ተሥሎ ያለቀ ቀስት ለጀማሪ ተማሪ ምንም አይነግረውም።

ለቀረው ትምህርት አብዝቼ የምመክረው ግን ድምፅ ከወረቀት ጋር ነው። በሰከንድ 32 ኪሎቢት የተቀዳ የ20 ደቂቃ ድምፅ 4.8 ሜጋባይት ብቻ ነው። ከእርሱ ጋር ሁለት ገጽ የተጻፈ ወረቀት ፎቶ አብሮ ይላካል። ምስጢሩ ቁጥሩ ላይ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለ እያንዳንዱ እኩልታና ሥዕል ቁጥር ይሰጠዋል፤ በድምፁ «አሁን ወደ ቁጥር 7 ሂዱ፣ ከግራ በኩል ያለውን ሃይድሮጅን ቁጠሩ» እያልን እንመራለን። ቆም ማለትም ያስፈልጋል፦ «እዚህ ላይ ድምፁን አቁሙና ራሳችሁ ሠርታችሁ ተመለሱ»። ጎጃም ለዚህ ዓይነት ትምህርት እንግዳ አይደለም። በዋሸራና በዲማ የቅኔ ተማሪ ትምህርቱን በጆሮው ተቀብሎ፣ ብቻውን ዛፍ ሥር ቅኔ ሲቆጥር ውሎ፣ ለመምህሩ ሊነግር ይመጣል። ጆሮና ብቸኛ ሥራ አብረው ሲሄዱ ትምህርት እንደሚሠርጽ አባቶቻችን በተግባር አሳይተውናል።

ድምፅ የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ የሞለኪውልን ቅርጽ ማሳየት። ለዚህ መድኃኒቱን ያገኘሁት ከተማሪዎች ነው። ጥቃቅን ድንችና ስንደዶ ወስደው ሚቴንን ሠሩት፤ አንዱን ድንች መሐል አድርገው አራት ስንደዶ በእኩል ርቀት ሰክተው 109.5 ዲግሪ ማዕዘን ምን እንደሚመስል በእጃቸው አዩ። ከዚያ አራቱን ጫፎች በከሰል፣ በእርድ፣ በቡና አተላ ቀብተው፣ አንዱን ሳይቀቡ ትተው፣ የመስታወት ምስሉን ሠርተው ሁለቱን ለማደራረብ ሞከሩ፤ አልተደራረቡም። የኮምፒውተር ሥዕል ለብዙ ሰው ያላስረዳውን ካይራሊቲ፣ ማለትም አንድ ሞለኪውል ከመስታወት ምስሉ ጋር አለመደራረቡን፣ አንድ ማታ በድንች ተረዱት።

ሙድልን ስለመሳሰሉ የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች ብዙ አልልም። ዩኒቨርሲቲው ካለው ለምዝገባና ለውጤት ጥሩ ማኅደር ነው። ለዕለት ተዕለት ግንኙነት ግን ቴሌግራም ደካማ ኔትወርክን ስለሚችልና ተማሪው አስቀድሞ ስለለመደው ይበልጣል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ጨዋታና ትምህርት እንዳይደባለቁ መምህሩ ብቻ የሚጽፍበት ቻናልና ሁሉም የሚነጋገርበት ቡድን ይለያዩ።

ኅትመትና ሚሞሪ ካርድ ያረጀ መንገድ ይመስላሉ፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ሊዘጋጁ የሚገባቸው ናቸው እላለሁ። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የጣለ መምህር በእንዲህ ያለው ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ኅትመቱን ተማሪው ቤት ከገባ በኋላ እልካለሁ ማለትም አያዋጣም። በመጋቢት 2012 መጨረሻ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ሲገደብባቸው አውቶቡስ ላይ ጭኖ መላክ የማይታሰብ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ሞጁሉ ታትሞ፣ የድምፁና የቪዲዮው ፋይል በካርድ ተጭኖ፣ ተማሪው ከግቢ ሳይወጣ እጁ ላይ መግባት አለበት።

ፈተና፦ በሰዓት የተገደበ፣ መጽሐፍ የሚከፈትበት ወይስ በቃል?

በሰዓት የተገደበ የኢንተርኔት ፈተና ከሦስቱ ሁሉ የከፋው ነው። መብራት የጠፋበትንና ያላጠናውን አንድ ላይ ይጥላቸዋል። አንድ ጊዜ አድርጌው፣ በመሐል መብራት ተቋርጦባቸው ያለቀሱ ተማሪዎች ደውለውልኛል፤ ከዚያ በኋላ ትቼዋለሁ።

መጽሐፍ የሚከፈትበት ፈተና ጥሩ የሚሆነው ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለየ ቁጥር ሲሰጥ ነው። በዚያ ዘመን ካወጣኋቸው ጥያቄዎች የምወደው የሳኒታይዘሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር 98 በመቶ ግሊሰሮል ይልና ቀሪውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይሞላል። ተማሪው መጀመሪያ የኤታኖሉ የመጨረሻ መጠን 80 በመቶ መሆኑን ያረጋግጣል። ቀጥሎ በእጁ ያለው ኤታኖል 96 ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ የሚወሰን ሌላ መጠን ቢሆን ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚያስፈልገው ያሰላል። በመጨረሻም 96 በመቶው ለምን እንዳለ እጅ ላይ እንደማይፈስ በራሱ ቃል ያስረዳል። ውኃው የቫይረሱን ፕሮቲን ለማበላሸት እንደሚያግዝና አልኮሉ ቶሎ እንዳይተን እንደሚያደርግ የጻፈ ተማሪ ከማንም አልቀዳም፤ ቢቀዳም ተምሮበታል።

የቃል ፈተና በስልክ ከሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን መምህሩን ያደክማል። ለአንድ ተማሪ ስምንት ደቂቃ በቂ ነው። አስቀድሞ የላከውን ሥራ ይዤ «እዚህ መስመር ላይ ለምን በሁለት አካፈልክ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ራሱ የሠራው በሦስት ቃል ይመልሳል። በአንድ መምህር ላይ መቶ ተማሪ ካለ ግን አይቻልም፤ ያን ጊዜ የተለየ ቁጥር ያለውን ጽሑፍ ለሁሉም ሰጥቶ በዕጣ የወጡትን ብቻ በቃል መጠየቅ ነው።

ቤተ ሙከራው፦ ከባዱ ምርጫ

እዚህ ላይ አራት መንገድ አለ፤ ሁሉንም ሞክሬአቸዋለሁ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

የመጀመሪያው በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚሠራ አስመሳይ ቤተ ሙከራ ነው። ከኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ፌት የተሰኘው ስብስብ ነፃ ነው። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ሲሆን፣ ብዙዎቹ ፋይሎች አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይተላለፋሉ። በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኬምኮሌክቲቭ ደግሞ ሙሙት እየቀላቀሉ ፒኤች የሚለኩበት ነው፤ ሰፋ ያለ ስክሪን ቢኖር ይመረጣል። ለሞላሪቲ፣ ለፒኤች፣ ለጋዝ ሕግ፣ ለኬሚካዊ ሚዛን አስመሳዩን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ፤ ዓይን የማያየውን ያሳያልና። እጅን ግን አያሠለጥንም። ስክሪን ላይ አሲድ አይፈስም፣ ፒፔት አይሰበርም፣ ልኬት አይሳሳትም። ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስት ጊዜ ያው ቁጥር የሚያገኝ ተማሪ ስለ ልኬት የተሳሳተ እምነት ይይዛል።

ሁለተኛው የተቀረጸ ሙከራ ነው። የቤተ ሙከራ ረዳቱና እኔ ሆነን ታይትሬሽን፣ ማለትም አንዱን ሙሙት በሌላው ላይ ጠብ እያደረጉ መጠኑን የማወቅ ሙከራ፣ ሠርተን ቀረጽነው። የመጀመሪያው ቅጂ ተቆርጦ የተዋበ ነበር፤ ምንም አልጠቀመም። ሁለተኛውን ሳንቆርጥ ተውነው፤ ቀለም አመልካቹ ፌኖልፍታሊን ሮዝ ሆኖ ሲጠፋ፣ እንደገና ጠብታ ሲጨመር፣ ቀለሙ 30 ሰከንድ እስኪጸና ድረስ ስንጠብቅ ሁሉ ይታያል። ንባቡን ግን አልተናገርንም። የቡሬቱን ፎቶ በሙሙቱ ጠርዝ ትክክል ቀርበን አነሣንና ለእያንዳንዱ ቡድን የተለያየ ፎቶ ሰጠን። ተማሪው ራሱ ያነባል፣ ራሱ ያሰላል። አንዱን ፎቶ ሆን ብለን ከላይ ወደ ታች አነሣነው፤ ቁጥሩ ለምን እንዳልገጠመ ያወቀ ተማሪ ስለ እይታ ስሕተት ከዚያ ወዲያ ማስተማር አያሻውም። ለአናሊቲካል ኬሚስትሪ፣ በተለይም አደገኛ ኬሚካል ላለበት ሙከራ፣ ይህ ከአስመሳዩ ይሻላል።

ሦስተኛው የጓዳ ሙከራ ነው፤ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። መርፌው የወጣ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ከእርድ ዱቄት የተዘፈዘፈ ቢጫ ውኃ፣ ከምድጃ አመድ ላይ ውኃ አፍስሶ የጠለለ የአመድ ውኃ፣ ከሱቅ የተገዛ ኮምጣጤና ሎሚ። እርድ በአሲድ ውስጥ ቢጫ ነው፤ በቤዝ ውስጥ ወደ ቀይ ይለወጣል። ኮምጣጤው 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ነው የሚል ጽሑፍ ካለው በሊትር ወደ 0.83 ሞል ይሆናል፤ ይህ የአመዱን ውኃ ጥንካሬ ለመመዘን መነሻ ይሆናል። ሁለት ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ ስንት ሚሊ ሊትር የአመድ ውኃ ፈጀ? ሁለት ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂስ? ከዚያ የሎሚውን አሲድነት ማስላት ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ካርቦኔት ስለሆነ አረፋ ይወጣል፣ የቀለሙ ለውጥም እንደ ፌኖልፍታሊን ጥርት ያለ አይደለም። ይህንኑ ተማሪው በሪፖርቱ ማስረዳት አለበት።

ከብቸና ወጣ ብላ የምትኖረው ተማሪ ፎቶ ላከችልኝ። ሦስት ሲኒ በረከቦት ላይ ተደርድሯል፤ በሁለቱ ውስጥ ያለው ውኃ የሸክላ ቀለም ይዟል፣ ሦስተኛው ደመቅ ብሏል። ሥር የፈጀውን የአመድ ውኃ በሚሊ ሊትር 6.4፣ 6.6፣ 9.2 ብላ በእርሳስ ጽፋለች። ጉብታው ላይ ወጥታ ደወለች።

«መምህር፣ ሦስተኛውን ልሰርዘው? ያበላሸብኛል» አለችኝ።

«አትሰርዢው። ምን የተለየ ነገር አደረግሽ?»

ዝም አለች፤ ነፋሱ ብቻ ይሰማል። «የአመዱ ውኃ አልቆብኝ ነበር። እናቴ ሌላ አመድ ሰጠችኝና ውኃ ጨምሬ አጠለልሁ።»

«ታዲያ ሁለቱ ውኃዎች አንድ ናቸው?»

«አይደሉም» አለችና ድምፅዋ ተለወጠ፤ «ለካ አዲሱን በኮምጣጤው እንደገና መመዘን ነበረብኝ!»

ስታንዳርድ ማድረግ፣ ማለትም የአንድን ሙሙት ጥንካሬ መጠኑ በታወቀ ሌላ ሙሙት መመዘን፣ የሚለውን ቃል ሁለት ዓመት ስትሰማው ቆይታለች። የገባት ያን ዕለት ነው። የሲሪንጁ መስመር በ0.2 ሚሊ ሊትር የተከፈለ ከሆነ የንባቡ ስሕተት 0.1 ያህል ነው፤ ከ6.4 ላይ 1.6 በመቶ ይሆናል። ቡሬት ላይ 25 ሚሊ ሊትር ሲነበብ በ0.05 ስሕተት 0.2 በመቶ ነው። ቡሬት ለምን እንደሚገዛ ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የጓዳ ሙከራ ግን ያለ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አይላክም። የአመድ ውኃ ዓይን ያቃጥላል፤ ሕፃናት በሌሉበት ይሠራ፣ ዕቃውም ለምግብ ከመመለሱ በፊት በደንብ ይታጠብ። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር መቀላቀል መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ በየቤቱ በረኪና ስለሚኖር ይህ በወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ በጉልህ መጻፍ አለበት።

አራተኛው መጠበቅ ነው፦ ሙከራውን ግቢ እስኪከፈት አቆይቶ ተማሪ ሲመለስ በሁለትና ሦስት ሳምንት አከታትሎ መሥራት። ጭስ መሳቢያ የሚፈልግ የኦርጋኒክ ውሕደት፣ የተከማቸ አሲድ ያለበት ሥራ፣ በስፔክትሮፎቶሜትር የሚለካ ነገር ሁሉ መጠበቅ አለበት። እነዚህን በቪዲዮ ሠርተናል ብሎ ውጤት መስጠት ነገ ፋብሪካ ወይም ሆስፒታል ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚገባውን ልጅ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በዚህ ላይ አልደራደርም። ከመጠበቁ በፊት ግን የቅድመ ሙከራ ጥናቱ፣ ስሌቱና የደኅንነት ጥያቄው ከርቀት ማለቅ አለበት፤ ተማሪው ሲመጣ በቀጥታ ዕቃ እንዲያነሣ።

እንዳመቺነቱ ለአንደኛ ዓመት ጄኔራል ኬሚስትሪ ድምፅ ከወረቀት፣ አስመሳይና የጓዳ ሙከራ ይበቃሉ። ለአናሊቲካል የተቀረጸውና የጓዳው አብረው ይሂዱ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሙከራ ተማሪው እስኪመለስ ይቆይ። ኦርጋኒክ አጫጭር ቪዲዮ ይፈልጋል፤ የተግባር ክፍሉ ግን ሙሉ በሙሉ ይጠብቅ። ፊዚካል ኬሚስትሪ ስሌት ስለሚበዛበት በእጅ በተጻፈ ወረቀትና በተዘጋጀ የልኬት መረጃ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

ተማሪዎች ተመልሰው ተራርቀው ሲቆሙ፣ ግማሽ ክፍል ጠዋት ግማሽ ክፍል ከሰዓት ሲገባ፣ የሳኒታይዘሩ ጠርሙስ የሚቀመጠው በር ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ ከእሳት አጠገብ፣ ፈጽሞ አይቀመጥ። 80 በመቶ ኤታኖል ያለበት እጅ ሳይደርቅ ክብሪት ቢጭር እጁ ይነዳል፤ ነበልባሉም ፈዛዛ ሰማያዊ ስለሆነ በቀን ብርሃን ቶሎ አይታይም። እጁን የቀባ ተማሪ ሁለት እጁን አሻሽቶ፣ ሙሉ በሙሉ መድረቁን አይቶ፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ይሂድ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ውኃና ሳሙና ካለ ደግሞ ሳኒታይዘሩ በሩ ላይ ይቅርና ሁሉም በሳሙና ይታጠብ።